ባለእጅ

ሻርጃ፣ ከብረት ቤቶቹ ሰፈር፣
ዳድከሪም ባሉቹ ስለቱን ይቀጠቅጣል፣
እኔ እጀታውን አበጃለሁ።
እሱ ለሚቆረጠው ያስባል፣
እኔ ለሚቆርጠው።

ስለት ይሞገሳል።
"ፀጉር ይሰነጥቃል" ይላሉ ገዢዎች፣
ፀጉር ሊሰነጥቁ የመጡ ይመስል።
እጀታን ማን ያነሳዋል?
ጥሩ እጀታ የተረሳ ነው፤
እንደ ምላስ በአፍ ውስጥ
መኖሩ የማይታወቅ፣
እስኪነከስ ድረስ።

እንጨቱን እዚህ ሲድር ይሉታል፤
ያገሬ ቁርቁራ ነው።
መጀመሪያ ቀን በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸተትኩት፣
ስሙን ለውጦ እንደተሰደደ ዘመድ።
አንዳንዴ ደግሞ የአሮጌ ጀልባ ሳንቃ ይመጣል፣
ሲሞረድ ብናኙ ከንፈር ላይ ጨው ጨው የሚል።

በጠመኔ ምልክት፣ ከዚያ መጋዝ፣ ከዚያ ሞረድ፣
ከዚያ ዓይንን መጨፈን።
ዓይን ይሸነገላል፤ አውራ ጣት ግን እንጃ።
ጠርዝ ከቀረ መዳፍ ውሃ ይቋጥራል፣
ልስላሴ ከበዛ በዓሣ ደም ያንሸራትታል።
እናም ሆዱን ሞላ፣ አንገቱን ቀጠን፣
ትንሿ ጣት የምታርፍበት ላይ
እንደ ወፍ ምንቃር ጎንበስ።

የዓሣ ገበያው ኩንጁሞን አውራ ጣት የለውም።
በአራት ጣት ልክ ሠራሁለት።
አመስግኖኝ አያውቅም፤
እጀታውን ከረሳው ሦስት ዓመቱ።

በረመዳን ዋዜማ ናስር ሾፌሩ
በፌስታል የተጠቀለለ፣ ጨው የበዛበት ሊጥ አመጣ።
"የቤታችን ምግብ አብሳይ ናት፣ ያንተው አገር ሰው።
ለሠላሳ ሰው ሽንኩርት ስትከትፍ ውላ
ሌሊት እጇ ይደነዝዛል።
መውጣት አይፈቀድላትም፤
እጇን ላከች።"

ፈታሁት።
አራት ሸለቆ፣ ለአውራ ጣት አንድ ጉድጓድ፣
ሌባ ጣቷ ወደ ውጭ ገደድ ያለ።
ጠንቋይ ቢያገኘው የመዳፏን መስመር ይዞ
ስንት ይቀባጥር ነበር!
እኔ ያየሁት ውፍረቱን ነው፤
ከገበያው ቢላ ሁሉ ግማሽ ጣት የቀጠነ።
ስሟን ጠየቅሁት። ሉባባ።

በአባቴ ቀዬ "ባለእጅ" ስድብ ነበር።
ማረሻቸውን እኛ እንሠራለን፣
ጤፉን ይበሉና በደጃችን ሲያልፉ
ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፣
ዓይናችን እንዳያርፍበት።
"እጅ የሌለው ማን አለ?" ብዬ ጠየቅሁት አባቴን።
"እጅማ ሁሉም አለው" አለ ሞረዱን ሳያቆም፣
"ባለቤቱ ነው ጥቂት።"

ስምንት ሌሊት ሠራሁት፣ ሊጡን ከጎኔ አድርጌ።
ሲያልቅ ጨበጥኩት፤
አልተመቸኝም።
ደስ አለኝ።

ናስር በዒድ ማግሥት መጣ።
"ሉባባ የለችም" አለ።
ወደ ሌላ ቤት ይሁን፣ ወደ አገሯ፣
እሱም አልነገሩትም፣ አልጠየቀም።
የእጅ ዋጋውን ከኪሱ አወጣ፤
እጄን አልዘረጋሁም።

ቢላው ግድግዳው ላይ ነው።
ገዢ ያወርደዋል፣ ይጨብጠዋል፣ "ጠበበኝ" ይላል።
"አዎ" እለዋለሁ።
ዳድከሪም "እጀታውን ለውጠህ ሽጠው" ብሎ ብሎ ተወኝ።
ሊጡ ደርቆ ተሰነጠቀ፣
ትንሿን ጣት አይጥ በላቻት።

አንዳንድ ጁምዓ ለራሴ ስሠራ
እሱን አወርዳለሁ።
ሁለተኛው ሽንኩርት ላይ መዳፌን ይቆነጥጠኛል፣
አራተኛው ላይ እጄ ይደነዝዛል፤
ለሌላ ሰው እንደተሠራ ነገር ሁሉ።
አውራ ጣቴን አሻሽቼ
የቀረውን እከትፋለሁ።